አራማዊ፣ አረማዊ፣ አረመኔ፦ የአንድ ስም ጉዞ በክርስትና ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዜና እንሰማዋለን፣ በዕለት ንግግራችንም እንጠቀምበታለን፦ «አረመኔ»። ዛሬ በዚህ ቃል የምንጠራው ጨካኙን፣ ርኅራኄ የሌለውን፣ በሰው ሥቃይ ልቡ የማይራራውን ነው። ቃሉ ግን በመነሻው የጭካኔ መጠሪያ አልነበረም። የሃይማኖት መጠሪያም አልነበረም። የአንድ ሕዝብ ስም ነበር፤ ያውም ክርስቶስ በሥጋው ወራት የተናገረበት ቋንቋ የወጣበት ሕዝብ ስም።

ይህ ስም የሕዝብ መጠሪያ ከመሆን ተነሥቶ የኢክርስቲያን መጠሪያ፣ ከዚያም የጨካኝ መጠሪያ እስከ መሆን የተጓዘበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ልከተል እወዳለሁ። የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ስሙ በመጀመሪያ ሰውን በትውልዱ ለየ፤ በሁለተኛው ዘመን በእምነቱ ለየ፤ በሦስተኛው በጠባዩ ይለያል። በየደረጃው የተለወጠው የተሰያሚው ማንነት ሳይሆን የሰያሚው ማኅበረሰብ ድንበር ነው። ይህን አለማስተዋል የግዕዝ ምንጮችን ለሚያነብና ለሚተረጉም ሰው ቀላል ያልሆነ ስሕተት ያስከትላል፤ ወደ መጨረሻው በምሳሌ እመለስበታለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሕዝብ ስም

የአራማውያን ስም በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በአሦር ነገሥታት መዛግብት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1100 አካባቢ የነገሠው ቀዳማዊ ቴልጌልቴልፌልሶር እነዚህን ሰዎች እያሳደደ የኤፍራጥስን ወንዝ 28 ጊዜ እንደ ተሻገረ አስጽፏል። ዘግይተውም አራማውያን በሶርያ ምድር መንግሥታትን አቆሙ፤ ከሁሉ የታወቀው በደማስቆ የነበረው ነው። ይህ መንግሥት በ732 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሣልሳዊ ቴልጌልቴልፌልሶር እጅ ወደቀ።

መንግሥታቸው ቢወድቅም ቋንቋቸው ግን አልወደቀም። አራማይስጥ በፋርስ ነገሥታት ዘመን ከግብፅ እስከ ምሥራቅ ጠረፍ ድረስ የመንግሥት መጻጻፊያ ሆነ። ከመጽሐፈ ዕዝራና ከመጽሐፈ ዳንኤል ከፊሉ የተጻፈው በዚህ ቋንቋ ነው። በዚያ ዘመን «አራማዊ» መባል ነውር አልነበረም። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 10 አራምን ከሴም ልጆች ይቈጥረዋል፤ የያዕቆብ የእናቱ ወገኖች አራማውያን ናቸው፤ በዕብራይስጡ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 እስራኤላዊው የምድሩን በኵራት ይዞ በመሠዊያው ፊት ሲቆም የአባቱን ታሪክ የሚጀምረው ተቅበዝባዥ አራማዊ እንደ ነበረ በመናገር ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ከግብፅ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ አስዋን አጠገብ፣ በኤሌፋንቲን ደሴት፣ በፋርስ መንግሥት ሥር ያገለግሉ የነበሩ አይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። የጋብቻ፣ የርስትና የብድር ውሎቻቸው በአራማይስጥ ተጽፈው በፓፒረስ ላይ እስከ ዛሬ ቆይተዋል። በእነዚህ ውሎች ውስጥ አንዱ ሰው በአንድ ሰነድ «አይሁዳዊ»፣ በሌላ ሰነድ «አራማዊ» ተብሎ ይገኛል። ሰውዬው ሃይማኖቱን አልለወጠም። ሁለቱ ስሞች በዚያ ዘመን ጎን ለጎን የሚቆሙ እንጂ የሚጣሉ አልነበሩም። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ግን የተቃራኒ ጥንድ ይሆናሉ።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ሆነ። ግሪኮች ይህን ሕዝብ «ሶርያውያን» ይሉት ነበር። የጂኦግራፊው ሊቅ ስትራቦን የፖሲዶኒዮስን ቃል ጠቅሶ እንደሚነግረን፣ ግሪኮች ሶርያውያን የሚሏቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩት በአራም ስም ነበር። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም እንዲሁ ይላል። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብአ ሊቃናትም ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ የሚናገረውን «አራም» በአብዛኛው «ሶርያ» ብለው ተረጐሙት። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው ከሰብአ ሊቃናት ስለ ሆነ እኛም ሕዝቡን የምናውቀው በግሪክ ስሙ ነው፤ ንዕማን ለእኛ ሶርያዊ እንጂ አራማዊ አይደለም። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ።

2. ባለቤቶቹ የተዉት ስም

አይሁድ አራማይስጥን የዕለት ቋንቋቸው ካደረጉ በኋላ በምድረ እስራኤልም በባቢሎንም በዙሪያቸው የሚኖረው አሕዛባዊ ጎረቤት ያው ቋንቋቸውን የሚናገር አራማዊ ነበር። ቋንቋ ካልለያቸው የሚለያቸው አምልኮ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በተርጉሞችና በታልሙድ «አርማይ» የሚለው ቃል ትውልድን መናገሩን እየተወ «አይሁዳዊ ያልሆነ» ማለት ሆነ። ጎረቤቱ ሮማዊም ቢሆን በዚሁ ስም ሊጠራ ይችል ነበር።

ክርስትና በኤዴሳና በአካባቢዋ ሲሰፋ ይህን አነጋገር ወረሰ። የሶርያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ፔሺታ፣ በዚህ ረገድ ግልጽ ምስክር ነው። በሐዋርያት ሥራ 16፥1 የጢሞቴዎስ አባት በግሪኩ «ሔሌናዊ»፣ ማለትም የግሪክ ሰው ይባላል፤ ፔሺታ ግን «አርማያ» ይለዋል። በገላትያ 3፥28 ሐዋርያው አይሁዳዊንና የግሪክን ሰው ባጣመረበት ቦታ ፔሺታ አይሁዳዊንና «አርማያ»ን ያጣምራል። ተርጓሚዎቹ የጢሞቴዎስ አባት በዘሩ አራማዊ ነበር ማለታቸው አይደለም። በእነርሱ ጆሮ «ሔሌናዊ» የአምልኮ ስም ነበር፤ በቋንቋቸው የዚህ አቻ «አርማያ» ነው።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። እነዚህ ተርጓሚዎች በቋንቋም በትውልድም ራሳቸው አራማውያን ነበሩ። የአባቶቻቸው ስም አሁን በቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ የጣዖት አምላኪ ስም ሆኖ ይነበባል። በዚህ ስም ራሳቸውን ሊጠሩ አልቻሉምና ግሪኮች የሰጧቸውን ስም ተቀበሉ፤ «ሱርያያ»፣ ሶርያውያን ተባሉ። ከውጭ የመጣው ስም የክርስቲያን ስም ሆነ፤ ከውስጥ የነበረው ስም የአረማዊ ሆነ።

ሆኖም የቀደመው ፍቺ ከሊቃውንቱ አእምሮ ፈጽሞ አልጠፋም። በ373 ያረፈው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የውዳሴ ማርያም ደራሲ፣ የኤዴሳውን ባርዳይሳንን የአራማውያን ፈላስፋ ብሎ ይጠራዋል። ከእርሱ በኋላ በ521 ያረፈው ያዕቆብ ዘስሩግ፣ በስሙ በሚጠራው ቅዳሴ የምናውቀው፣ ኤፍሬምን ሲያመሰግን ለአራማውያን ሁሉ አክሊል እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ምስጋና ነው፤ የሕዝብንና የቋንቋን ክብር የሚናገር ምስጋና። ነገር ግን አንድ የግዕዝ ሊቅ ያንን ሐረግ በድምፁ ብቻ ተከትሎ «የአረማውያን አክሊል» ብሎ ቢተረጕመው፣ ሰሚው ታላቁ ቅዱስ የጣዖት አምላኪዎች ሹም እንደ ነበረ ባሰበ ነበር።

የሶርያ ጸሐፍትም ችግሩን ያውቁት ነበር። ስለዚህ ቃሉን በአናባቢ ለሁለት ከፈሉት፦ «አራማያ» ለሕዝቡ፣ «አርማያ» ለጣዖት አምላኪው። ጀርመናዊው የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬ በ1871 ባሳተመው ጥናት የዚህን ሕዝብና ቋንቋ ስሞች ሲመረምር ሁለቱ በመነሻቸው አንድ ቃል እንደ ሆኑ አሳይቷል። እኛም ዛሬ በአማርኛ የታሪክ ጽሑፎች ሳናውቀው ይህንኑ እናደርጋለን፤ ሕዝቡን «አራማዊ»፣ ኢክርስቲያኑን «አረማዊ» እያልን በአንዲት ፊደል፣ በ«ራ» እና በ«ረ»፣ እንለያቸዋለን።

3. ተመሳሳይ ዕጣ

ይህ የአራማውያን ብቻ ዕጣ አይደለም። የግሪኮችም ስም ይኸው ደርሶበታል። «ሔሌናዊ» የሚለው ስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ብዕር በአብዛኛው ጣዖት አምላኪ ማለት ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ግሪክኛ ተናጋሪ ነበር፤ በግሪክኛም ጻፈ፤ ከድርሰቶቹ የአንዱ ርእስ ግን «በሔሌናውያን ላይ» የሚል ነው። የሚከራከረው ከጣዖት አምልኮ ጋር እንጂ ከአንድ ሕዝብ ጋር አልነበረም። በ361 የነገሠው ዩልያኖስ ደግሞ የጥንቱን አምልኮ ሊመልስ ሲነሣ ይህንኑ ስም የኩራት ስም አድርጎ ያዘው። የቊስጥንጥንያ ክርስቲያኖች ለብዙ መቶ ዓመታት ራሳቸውን የጠሩት «ሮማውያን» ብለው ነው። ልክ እንደ ሶርያውያን የአባቶቻቸውን ስም ለጣዖት አምላኪው ትተው፣ ከውጭ በመጣ ስም ተጠመቁ።

በላቲኑም ዓለም «ፓጋኑስ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የገጠር ሰው፣ ወይም ወታደር ያልሆነ ሰው ማለት ነበር፤ የሃይማኖት ፍቺውን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ወደ ራሳችን ቋንቋ ብንመለስ «ሕዝብ» እና «አሕዛብ» አንድ ቃል ናቸው፤ ነጠላውና ብዙው። ይሁንና ነጠላው የክብር ቃል ሆኖ ሲቆይ ብዙው ከኪዳኑ ውጭ ላሉት ተሰጠ።

እነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር ያስተምሩናል። ክርስትና ሲጀምር በአንድ ዘር ያልታጠረ ማኅበር ነበረና «ከእኛ ውጭ» ያለውን የሚጠራበት የራሱ ስም አልነበረውም። ስለዚህ በየሄደበት በእጁ ያገኘውን የሕዝብ፣ የቦታ ወይም የኑሮ ስም አንሥቶ የእምነት ስም አደረገው። የስሙ ባለቤቶችም ሲጠመቁ ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነባቸው። እነዚህ ለውጦችም የማይመለሱ አይደሉም። ከ1821 ጦርነት በኋላ የተመሠረተው የግሪክ መንግሥት «ሔላስ» የሚለውን ስም በኩራት ይዟል። የአራማዊነትንም ስም ዛሬ በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖሩ አንዳንድ የሶርያ ክርስቲያኖች መልሰው አንሥተውታል፤ እስራኤልም በ2014 «አራማዊ»ን ራሱን የቻለ ብሔር አድርጋ በሕዝብ መዝገቧ ተቀብላለች።

4. ወደ ግዕዝ

ታዲያ ቃሉ አራማውያን ወዳልኖሩበት ወደ አክሱም እንዴት ደረሰ?

የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ተቀበለ። የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ፣ ሩፊኖስ እንደጻፈው፣ የጢሮስ ሰው ነበር፤ የሾመውም ቀደም ብለን የጠቀስነው አትናቴዎስ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት መጻሕፍት ቅዱሳት ወደ ግዕዝ ተመለሱ። ሐዲስ ኪዳን የተተረጐመው በመሠረቱ ከግሪክ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። በግሪኩ ደግሞ እንዳየነው «አራማዊ» የሚል ቃል በእነዚያ ስፍራዎች የለም፤ ያለው «ሔሌናዊ» ወይም «አሕዛባዊ» ነው። የግዕዝ ተርጓሚ ግን «አረሚ»፣ «አረማዊ»፣ በብዙ ቍጥር «አረማውያን» የሚሉትን ቃላት ለዚህ አገልግሎት ያውላቸዋል። እንግዲህ ቃሉን ከፊቱ ካለው የግሪክ መጽሐፍ አላገኘውም። ወይ በአገሩ የሃይማኖት አነጋገር ውስጥ አስቀድሞ ይኖር ነበር፣ ወይም ከተርጓሚዎቹ ወገን አራማይስጥ የሚያውቁ ነበሩ። በሁለቱም መንገድ ቃሉ ወደ ግዕዝ የገባው የሕዝብ ፍቺውን ከጣለ በኋላ፣ የእምነት መለያ ሆኖ ነው።

ብቻውንም አልመጣም። ሃይማኖት፣ ጣዖት፣ ኦሪት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ቍርባን፣ እነዚህን የመሳሰሉ የእምነታችን ዋና ዋና ቃላት ከአራማይስጥ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ኖልደኬ በ1910 ባሳተመው ሥራ ሰበሰባቸው። ብዙዎች ይህን የሶርያ መነኰሳት፣ በተለይም የዘጠኙ ቅዱሳን፣ ተጽዕኖ አድርገው ያዩት ነበር። በ1964 ግን ሐያሲው የቋንቋ ሊቅ ፖሎትስኪ ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ በቅርጻቸውም በይዘታቸውም ወደ አይሁድ አራማይስጥ እንደሚያደሉ አመለከተ፤ ከእነርሱ መካከል «ሃይማኖት» በቅርጹ የሶርያ ክርስቲያኖችን ሱርስት ይመስላል። ማራሲኒም በ1990 በአዲስ አበባ በሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በሶርያ ተጽዕኖ ላይ የቀረቡትን ማስረጃዎች አንድ በአንድ መርምሮ ብዙዎቹን ደካማ ሆነው አገኛቸው። «አረሚ» በዚህ ክርክር መካከል ይቆማል፤ አይሁድም የሶርያ ክርስቲያኖችም ቃሉን በአንድ ፍቺ ይጠቀሙበት ስለ ነበር በየትኛው በር እንደ ገባ ቃሉ ብቻውን አይመሰክርም።

በዚህ ምክንያት በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር ተፈጠረ። ያንኑ ሕዝብ የሚነኩ ሦስት ስሞች በአንድ መጽሐፍ ይገኛሉ፦ በትውልድ ዝርዝር «አራም»፣ በነገሥታት ታሪክ «ሶርያ»፣ በሐዲስ ኪዳን «አረማዊ»። አንባቢው ሦስቱ ከአንድ ምንጭ እንደ ተቀዱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ማመንን የምንጠራበትን «ሃይማኖት» የሚለውን ቃል የሰጠን ቋንቋ፣ የማያምነውን የምንጠራበትን ቃል ደግሞ ከራሱ ባለቤቶች ስም አውጥቶ ሰጠን።

5. ከአረሚ ወደ አረመኔ

በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ «አረሚ» ሰፊ አገልግሎት አለው። በስንክሳር ከአረማውያን ወላጆች ስለ ተወለዱ ሰማዕታት እናነባለን። በገድላት ጻድቃን ወደ አረሚ አገር ሄደው ያስተምራሉ፣ ያጠምቃሉ። በዜና መዋዕል የክርስቲያኑ መንግሥት ወሰን ሲሰፋ በወሰኑ ማዶ ያሉት ሕዝቦች በዚህ ስም ይጠራሉ። እነዚያ ሕዝቦች የየራሳቸው ስም፣ ቋንቋና ሥርዓት ነበራቸው፤ አንዳቸውም ራሳቸውን «አረሚ» አላሉም። ስሙ የሚነግረን የሰያሚውን ቆመት እንጂ የተሰያሚውን ማንነት አይደለም።

ቃሉ በዚህ ደረጃ ንቀት የለበትም አልልም፤ አለበት። ነገር ግን አንድ ወሳኝ ጠባይ ነበረው፤ ጊዜያዊ ስም ነበር። አረማዊ የተባለው ሰው ሲጠመቅ ስሙ ያበቃል። የጻድቁ ገድል የተጻፈውም ይህን ለማሳየት ነው፤ ትናንት አረማዊ የነበረው ዛሬ ወንድም ነው። የሰማዕቱም ወላጆች አረማውያን ቢሆኑ ልጃቸውን የሚወዱና የሚሳሱለት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ታሪኩ የሚለው አላመኑም ነው እንጂ ክፉዎች ነበሩ አይደለም።

በአማርኛ «አረመኔ» ከዚሁ ግንድ ወጣ። በድምፅ ከ«አረም» ጋር ስለሚቀራረብ በእርሻ ካለው ክፉ ቡቃያ ጋር ሊያዛምደው የሚቃጣው ሰው ይኖራል፤ የድምፅ መቀራረብ ግን ዝምድና አይደለም፤ የቃሉ ታሪክ የሚወስደን ወደ «አረማዊ» ነው። «አረመኔ» በመጀመሪያ ያመለከተው ያንኑ ያልተጠመቀውን ሰው ነበር። ቀስ በቀስ ግን «ከእምነታችን ውጭ ነው» የሚለው ፍርድ «ከሰብአዊነት ውጭ ነው» ወደሚል ፍርድ ተሻገረ። ይህ ሽግግር የተቻለው አንድ ያልተነገረ ግምት በመካከል ስለ ነበረ ነው፦ ሕጋችንን የማያውቅ ርኅራኄንም አያውቅም የሚል ግምት። ግምቱ ተረሳ፤ ውጤቱ በቃሉ ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ገጽታ ማየት ይገባል። በአንድ በኩል ቃሉ ዛሬ ሃይማኖት አይጠይቅም። አንድ ክርስቲያን በጭካኔው «አረመኔ» ሊባል ይችላል፤ እናቱ ሞስሊም፣ አባቱ ክርስቲያን የሆነ ዳኛም ይህን ቃል ለየትኛውም ገዳይ ያለ አድልዎ ሊናገረው ይችላል። ሰውን በሥራው እንጂ በወገኑ የማይመዝን ቃል ሆኗል፤ ይህ ትርፍ ነው። በሌላ በኩል ግን አዲሱ ፍቺ የማይታጠብ ሆነ። አረማዊነት በጥምቀት ያበቃ ነበር፤ አረመኔነት ግን የጠባይ ፍርድ ስለ ሆነ መውጫ በር የለውም። ችግሩ የሚነሣው ሁለቱ ፍቺዎች ሲደባለቁ፣ የዛሬው ፍርድ በትናንቱ ስም ላይ ሲጫን ነው።

6. ለአንባቢና ለተርጓሚ

ሁለት ምሳሌዎችን ላቅርብ። የመጀመሪያው በየቤታችን ያለ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ወንጌል 18፥17 የቤተ ክርስቲያንን ምክር ያልሰማው ወንድም እንደ ማን ይቈጠር ለሚለው ሁለት ምሳሌዎች ይሰጣል፤ አንደኛው «አረመኔ»፣ ሁለተኛው «ቀራጭ» ነው። በግሪኩ የመጀመሪያው ቃል «ኤትኒኮስ»፣ አሕዛባዊ ማለት ነው። ይኸው የግሪክ ቃል በዚያው ወንጌል በ6፥7 ስለ ጸሎት ሲነገር በአማርኛው «አሕዛብ» ተብሏል። በምዕራፍ 18 ግን ተርጓሚዎቹ የግዕዙን ወገን ተከትለው «አረመኔ»ን መረጡ። በእነርሱ ዘንድ ቃሉ ገና የሃይማኖት ፍቺውን እንደ ያዘ ነበር፤ ስለዚህ አልተሳሳቱም።

የዛሬው ወጣት አንባቢ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። እርሱ የሚያነበው ያልተስማማን ወንድም እንደ ጨካኝ አውሬ እንዲቈጥረው የታዘዘ ይመስለዋል። በግሪኩ ያለው ትእዛዝ ግን ከማኅበሩ ውጭ እንዳለ ሰው ቍጠረው የሚል ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ወንጌሉ የሚጠራው በቀራጩ በማቴዎስ ስም ነው፤ ቀራጩም ከመቅረጫው ተጠርቷል። በዚያው ወንጌል የመቶ አለቃውና የከነዓናዊቱ ሴት እምነት ተመስግኗል፤ ሁለቱም አሕዛብ ናቸው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አሕዛባዊና ቀራጭ ሩቅ ናቸው፤ ግን የሚጠሩ ናቸው። «አረመኔ» በዛሬው ፍቺው ሲነበብ የመጠራቱ ተስፋ ይዘጋል። የአንድ ቃል ፍቺ መለወጥ የተጣሉ ወንድማማቾች እርስ በርስ የሚተያዩበትን ዓይን ሊለውጥ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የእኛን ሙያ ይመለከታል። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ ነገ ገድላትንና ዜና መዋዕሎችን ወደ አማርኛ ትመልሳላችሁ። አንድ የግዕዝ ጽሑፍ አንድ ጻድቅ ወደ «አረሚ» ምድር ወረደ ቢላችሁና እናንተ «ወደ አረመኔዎች ምድር» ብትሉ፣ ቃሉ ከግንዱ የወጣ ስለ ሆነ ታማኝ ትርጕም ይመስላል። ነገር ግን የድሮው ጸሐፊ ያላለውን አሰኛችሁት። እርሱ «ያልተጠመቁ» አለ፤ እናንተ «ጨካኞች» አላችሁ። የእነዚያ ሕዝቦች የልጅ ልጆች ዛሬ ከእናንተ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ መጽሐፋችሁንም ያነባሉ። ስለ አባቶቻቸው የሚያነቡት ያ ዘመን የሰጠውን ፍርድ ብቻ መሆን አለበት፤ እኛ ባለማወቅ የጨመርንበትን አይደለም።

በተቃራኒውም ሌላ ፈተና አለ። አንዳንዶች ቅሬታን ለማስቀረት ብለው «አረሚ»ን «የአካባቢው ሰዎች» ብለው ያለሰልሱታል። ይህም ታሪክን ማበላሸት ነው። ጸሐፊው ድንበር አስምሯል፤ ድንበሩን መሰረዝ የእኛ ሥልጣን አይደለም። እኔ የምመክረው «አረማዊ» የሚለውን እንደ ጥንቱ ማቆየት፣ ወይም «ያልተጠመቁ»፣ «በቀድሞ አምልኳቸው ያሉ» እንደሚሉ ያሉ ገላጭ ቃላትን መጠቀምና በመቅድም ፍቺውን ማስረዳት ነው። ጸሐፊው ጭካኔን ሲናገር ድርጊቱን ይተርካል፤ ያን ጊዜ «አረመኔ» ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ፍርዱ ከድርጊቱ ላይ ያርፋልና።

ለማጠቃለል ያህል፣ አንድ ስም በሦስት ሺህ ዓመታት ውስጥ ከኤፍራጥስ ዳር እስከ እኛ ደጅ ሲጓዝ አይተናል። በኤሌፋንቲን አንድ ሰው አይሁዳዊም አራማዊም ነበር። በኤዴሳ ሁለቱ ስሞች ተቃራኒ ሆኑ፤ የስሙም ወራሾች ስማቸውን ተዉት። በአክሱም ቃሉ ባለቤቱ ሳይከተለው ገባ። በአማርኛ ደግሞ እምነትን ትቶ ጠባይን ያዘ። በየደረጃው ቃሉን የተናገሩት ሰዎች በራሳቸው ዘመን ድንበር ውስጥ ሆነው በቅንነት ተናግረውታል። የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ሥራ እያንዳንዱን ሰው ስሙን በተናገረበት ዘመን ፍቺ መስማት ነው። ቃል በአፋችን ውስጥ ሲያረጅ ፍርዱም አብሮ ያረጃል ብለን እንዳንታለል፤ ቃል ሲያረጅ አንዳንድ ጊዜ ፍርዱ ይከብዳል።